እስክታመሰኳ ድረስ

«ተረት ተረት!»

«የማታ ራት!»

አልሰማሁም። ራት በልታችሁ ነው መሰለኝ ድምፃችሁ የሰነፈ። ስልኩን ክደኑት። መብራት ሲሄድ ሰው ከሰው ይተያያል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ደግሜ ልበል። «ተረት ተረት!»

«የማታ ራት!»

እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን፣ መጽሐፍ ሳይጻፍ፣ ሕግ በአፍ ብቻ ሲኖር፣ ድንጋይ በር የምትባል መንደር ነበረች። ስድሳ ጎጆ ናት። ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ ሜዳ። በዚያች መንደር የሚበላውን ከማይበላው የሚለይ አንድ ሽማግሌ ነበር። ቢሰውር ይባላል። ሰው የማያውቀው እንስሳ ሲገኝ ወደ እሱ ይመጣል። እሱም ሁለት ነገር ያያል። ሰኮናው ስንጥቅ ነው ወይ? ያመሰኳል ወይ?

ማመስኳት ታውቃላችሁ? ላም የዋጠችውን ሣር ከሆዷ መልሳ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ እንደገና ስታኝከው ነው። ሰኮናው ስንጥቅ ሆኖ የሚያመሰኳ ይበላል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው አይበላም። ይኸው ነው ሕጉ።

«ለምን?»

ጥሩ ጠየቅሽ። እነሱም አያውቁም ነበር። አንዳንዱ፦ «ሁለት ጊዜ የሚያኝክ እንስሳ የሚያስብ ነው፤ ሥጋው ልብ አያከፋም» ይላል። ሌላው፦ «ፈጣሪ ስላለ ነዋ» ይላል። ቢሰውርን የጠየቁት እንደሆነ፦ «አባቴ እንዲህ አለኝ። አባቱም እንዲህ አለው። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው» ይላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ዝናብ ቀረ። አንድ ክረምት ቀረ። ሁለተኛውም ቀረ። በሦስተኛው ሰው ሰማይ ማየት ተወ። ከብቱ አለቀ፤ በጉ አለቀ፤ ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ። ውኃ ከገደሉ ሥር በጠብታ ይገኝ ነበር። ከዚያም ሰው ሥር እየቆፈረ መብላት ጀመረ። ሥሩ መራራ ነው። ሲቀቀል ይመራል፤ ሲጠበስ ደግሞ ይብሳል።

በመንደሩ ጓንጉል የሚባል አዳኝ ነበር። ያኔ፣ በረሃቡ መጀመሪያ፣ አንድ ከርከሮ ገደለ። ከርከሮ የዱር አሳማ ነው። በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ ሰው ሁሉ ከየጎጆው ወጣ። ቢሰውር ተጠራ። ሰኮናውን አየው፤ ስንጥቅ ነው። ከዚያ ግን ራሱን ነቀነቀ።

ቢሰውርም፦ «ከርከሮ አያመሰኳም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን» አለ።

ጓንጉልም፦ «አባ ቢሰውር፣ ልጄ ሦስት ቀን አልበላም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቁራጭ ብቻ። እኔ አልቀምስም፤ ለሱ ብቻ።»

«ቅበረው።»

ቀበረው። በአምስተኛው ቀን ልጁንም ቀበረ።

አዎ። ልጁንም።

ከዚያ ወዲህ ጓንጉል ቢሰውርን ሲያገኘው ሰላም ይላል። አንቱ ይላል። ዓይኑን ግን አያነሳም። ቢሰውርም የልጁ መቃብር ባለበት መንገድ መሄድ ተወ። ዞሮ በገደሉ በኩል ይሄዳል። ጉልበቱ ታሟል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ቢሆንም በዚያው ይሄዳል።

ቢሰውር አንዲት ልጅ አለችው። አንጓች ትባላለች። ባሏ እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም። በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች። ጡቷ ሁለት ሳምንት ሰጠና ደረቀ፤ ከዚያ ወዲህ የሥር መረቅ በጣቷ ታቀምሳት ነበር። ሕፃኗ ስም እንኳ አልወጣላትም። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። ከዚያም ማልቀስ ተወች። እናት የምትፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አንድ ጠዋት ከሜዳው አቧራ ውስጥ አንዲት እንስሳ ወጣች።

ማንም አይቷት አያውቅም። ቁመቷ ከላም ይበልጣል። አንገቷ ረጅም ነው፤ ቀንድ የላትም። ጠጉሯ አመድማ ሆኖ ጎኗ ላይ ነጭ ሰንበር አለው። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ጡቷ ተሟጦ ተሸብሽቧል፤ ግልገሏ መንገድ ላይ የሞተባት ትመስላለች። ቀጥ ብላ መጣችና መንደሩ መሐል ተንበረከከች። ሰው ሲከባት አልሸሸችም። ወዴት ትሽሽ?

ቢላ ወጣ። አንዱ ገመድ አመጣ። አንዷ ድስት ይዛ ሮጠች፤ ገና እሳት እንኳ ሳይነድ። ቢሰውርም መጥቶ ሰኮናዋን አነሳ።

«ስንጥቅ ነው» አለ።

ሰው እልል አለ። ከዚያም አፏን ከፈተ። ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፣ እንደ ላም።

ሰዎቹም፦ «በቃ! ላም ናት! የሩቅ አገር ላም ናት!» አሉ።

አንዱ ቢላውን በድንጋይ እየሳለ፦ «ይቺ ላም ካልሆነች እኔ ንጉሥ ነኝ» አለ።

ከኋላ ግን አንድ ድምፅ፦ «ቆዩ» አለ።

ጓንጉል ነው። ቀስ ብሎ ሰዉን እየከፈለ መጣ።

«ሕጉ ጥርስ አይልም። ሕጉ የሚለው ማመስኳት ነው። ስታመሰኳ ያያት አለ? የለም። ለእኔ ከርከሮ ሕጉ ጠጉር ታህል አልላላም። ለዚችም አይላላም» አለ።

አንዲት ሴት፦ «አንተ ሰው፣ አልራበህም እንዴ?» አለችው።

«ከሁላችሁም በላይ ርቦኛል» አለ።

ቢሰውር አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ነው። ሳላይ አልፈርድም» አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንደር ሙሉ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። የአንዲት እንስሳ መንጋጋ ሊያይ። ሽማግሌው ተቀመጠ፣ ጎረምሳው ተቀመጠ፣ ነፍሰ ጡሯ ተቀመጠች።

«አመሰኳች! አመሰኳች!»

«ዝንብ ነው ያባረረች።»

«አፏ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ!»

«የተንቀሳቀሰው ያንተ አፍ ነው። ምራቅህን ዋጥ።»

እስከ ማታ እንዲህ ሆነ። ምንም የለም። በማግሥቱም ምንም የለም። በመንደሩ እማ ሙጪት የምትባል አሮጊት ነበረች። ጥርሷ አልቋል፤ ምላሷ ግን አላለቀም። እሷ በበትሯ እየተመራች መጣችና፦

«እናንተ ጅሎች! ባዶ ሆድ ምኑን ያመሰኳል? ሳትበላ ምኑን መልሳ ታኝክ? አብሏታ!» አለች።

ተያዩ። ሊበሏት የተሰበሰቡ ሰዎች መጀመሪያ አብሉ ተባሉ። ግን በምን? በሜዳው ሣር የለም። በጎረቤት አገርም የለም። አንዱ ቀና ሲል የጎጆው ክዳን ታየው። ያረጀ ሣር ነው። ጢስ የጠጣ ነው። ቢሆንም ሣር ነው። ከየቤቱ አንዳንድ እቅፍ ተመዘዘ። በማግሥቱ ሌላ እቅፍ። ጎጆው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ራስ መላጣ ሆነ። ልጆች በጀርባቸው ተኝተው በቀዳዳው ኮከብ ይቆጥሩ ጀመር። ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ለእናቶቻቸው ብርድ ነበር።

እሷ በላች። ጥላሸቱን ሳትንቅ በላች። ግን አላመሰኳችም። እንዴት ታመስኳ? ስድሳ ቤት ሙሉ ሰው አፍጥጦባት! ላም እንኳ ስትጨነቅ አታመሰኳም። ይህን ማንም ባላገር ያውቃል። ረሃብ ግን የሚያውቁትን ያስረሳል። እነሱ ያፈጡባታል፤ እሷም ታፈጥባቸዋለች።

በስድስተኛው ቀን ጡቷ ሞላ።

አንጓች አየች። ሕፃኗን አቅፋ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባዬ፣ እፍኝ ወተት ብቻ።»

«ገና አልተፈረደባትም። ሥጋዋ ካልታወቀ ወተቷም አልታወቀም።»

«ሰው ሳያይ ልለባት።»

ቢሰውርም፦ «ጓንጉልም ሰው ሳያይ መብላት ይችል ነበር። የቀበረውን ከርከሮ ቆፍሮ ማውጣት ይችል ነበር። ልጁ እስኪሞት ድረስ በየማለዳው እየሄድኩ ጉድጓዱን አየሁት። አፈሩ አልተነካም» አለ።

አንጓች ሕፃኗን ገልጣ አሳየችው። አየ። ሸፈናት። ተመልሳ ሄደች።

በሰባተኛው ቀን ሰው ማየቱ ሰለቸው። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ሥር ለመቆፈር ወደ ገደሉ ሥር ወረደ። ቢሰውር ብቻውን በግድግዳ ጥላ ተቀመጠ። ነፋስ የለም። የሚጮህ ሰው የለም። እንስሳዋ ጎኗን አሳርፋ ተጋደመችና በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያም ከደረቷ አንድ ጉብታ ተነሳ። በዚያ ረጅም አንገቷ ወደ ላይ ሄደ። አፏ ደረሰ። ዓይኗን ጨፈን አደረገች። መንጋጋዋ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ ግራ።

የድንጋይ በር ቤቶች ክዳን ሁለተኛ ጊዜ ይታኘክ ነበር።

ቢሰውር ደስ አለው። ከዚያ ወዲያው ደነገጠ።

አንጓች ከሕፃኗ ጋር ቀርታ ነበር፤ ከጎጆዋ ብቅ ስትል የአባቷን ፊት አየች።

«አዩዋት?»

«አየኋት።»

«ወተቱ እንግዲህ ንጹሕ ነው!» አለችና ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «ያርዷታል» አለች።

«ዛሬውኑ።»

«አታመሰኳም ይበሏቸው።»

«ርኩስ ናት ማለት ነው። ወተቷን ማን ይሰጥሻል?»

«አላየሁም ይበሉ።»

«እሱም ገና ነው ማለት ነው። ልጅሽ ገናን ትጠብቃለች?»

እንስሳዋ ታመሰኳለች። ምን አለባት!

ቢሰውርም፦ «ለጓንጉል እውነት ተናግሬ ልጁን ቀብሯል። ለልጄ ልጅ ብዬ ውሸት አልናገርም። ዛሬ ከዋሸሁ ያን ልጅ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

አንጓች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያም፦ «አባዬ፣ ጓንጉል ለእማ ሙጪት ምኗ ነው?» አለች።

«የጡት ልጇ ነዋ።»

ይህን ልንገራችሁ። በዚያ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ የሚያገኝበት ሥርዓት ነበር። እናት የምትሆነው ሴት ጡቷን ማር ትቀባለች። ሰውየው በምስክር ፊት አንዴ ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው፤ ከሆዷ የወጣ ያህል። ስታረጅ ይጦራታል፤ ብትገደል ደሟን ይመልሳል፤ እጁን አያነሳባትም። ጓንጉል ብቻውን ከሌላ አገር በመጣ ጊዜ እማ ሙጪት ልጇ ያደረገችው እንዲህ ነው።

አንጓችም፦ «ጡት የጠባ ሰው እናቱን ይበላል?» አለች።

ቢሰውር ልጁን አያት። እንደ እንግዳ ሰው አያት።

«አልዋሽም ብዬሻለሁ።»

«ማን ይዋሹ አለዎት?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ከቁፋሮ ተመለሰ። ቢሰውር ድንጋይ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«አመሰኳች። በዓይኔ አየሁ። ንጹሕ ናት። ትበላለች» አለ።

እልልታው ገደሉን መታው። የሚያለቅስም ነበር። ሳትታረድ ተከፋፈሏት።

«ሽንጡ የኔ!»

«ክዳንህን ሰስተህ ሽንጥ? ጅራቷ ይበቃሃል!»

«ጅራቷንም አያገኛት፤ ዝንብ ታባርርበት!»

ቢሰውርም እጁን አነሳ። «አንድ ነገር ልበል። ሥጋዋ ንጹሕ ከሆነ ወተቷም ንጹሕ ነው። ጡቷ ሞልቷል። መጀመሪያ ትታለብ። ሁሉም አንዳንድ ጉንጭ ይቅመስ። ሕፃናት ይቅደሙ» አለ።

ማን እምቢ ይላል? አንጓች ቅል ይዛ ተቀመጠች። እንስሳዋ አልተራገጠችም። የመጀመሪያውን በጣቷ ነክራ ለሕፃኗ አቀመሰቻት። ከዚያም ቅሉ ዞረ። እየተሞላ ዞረ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጉንጭ ይጠጣል፤ ዓይኑ እንባ ይሞላል፤ ቅሉን ለጎረቤቱ ያቀብላል። ጓንጉል ብቻ ቅሉ ሲደርሰው በእጁ መለሰው።

«እኔ ሥጋ ነው የምፈልገው» አለና ቢላውን መሳል ቀጠለ።

ቢሰውርም አልጠጣም። ፈራጅ ከፈረደበት ነገር አይቀምስም ነበር፣ ያኔ። ያኔ ነው ያልኳችሁ።

ቅሉ ባዶውን ተመለሰ።

ቢሰውርም፦ «አሁን የሚያርድ ይምጣ። ወተቷን ያልጠጣ» አለ።

ገመድ የያዘው ወደ ፊት ተራመደና ቆመ። ቢላ የያዘውም ቆመ። መጀመሪያ የገባት እማ ሙጪት ናት። ያንን ድድ ብቻ የቀረ አፏን ከፍታ ሳቀች።

«ወይ አንተ ሽማግሌ! ስድሳ ቤት ሙሉ ሰው የጡት ልጅ አደረግኸን!» አለች።

ጩኸት ሆነ።

«ማር አልተቀባም!»

«በቅል ነው የጠጣነው!»

«ምስክር አልቆመም!»

እማ ሙጪትም፦ «ምስክር? ሁላችንም እርስ በርሳችን እየተያየን ጠጣን። አንተ ነህ ምስክር የምትል? መጀመሪያ ከንፈርህ ላይ ያለውን ነጭ ጥረግ!» አለች።

ተንኮል ነው ወይስ ሕግ ነው? እኔን አትጠይቁኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ተረት ሳወራ አንድ ጊዜ ተንኮል ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ ሕግ ይመስለኛል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ማንም ቢላውን አላነሳም። ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ሰው ቆሞ፣ ከአንዲት ጉንጭ ወተት ጋር ይሟገት ነበር።

ያን ጊዜ ጓንጉል ተነሣ።

«እኔ አልጠጣሁም» አለ።

ቢላው ተስሎ አልቋል። ሰው መንገድ ለቀቀለት። አንድ ጎረምሳ ግን ፊቱ ቆመ።

«ብትነካት ደመኛችን ነህ!» አለው።

ጓንጉልም፦ «ቅድም ሽንጡ የኔ ስትል አልነበረም?» አለው።

«ቅድም እናቴ አልነበረችማ!»

የሳቀ ሰው አለ። ጓንጉል አልሳቀም። ጎረምሳውን በክንዱ ገለል አደረገና ወደ ቢሰውር ዞረ። አንቱታውንም ጣለ።

«ይህ ብልሃት ያኔ የት ነበር?» አለው። «ለልጄ ጊዜ የት ሄዶ ነበር? ለልጅህ ልጅ ሲሆን መጣልህ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጥያቄውን ሁሉም በልቡ ይዞት ነበር። የጠየቀ ግን እሱ ነው።

ቢሰውርም፦ «አልነበረኝም። ያኔ የነበረኝ ሕግ ብቻ ነው። እንቅልፍ ያጣሁት ልጅህን ከቀበርን ወዲህ ነው። የዛሬውም ቢሆን የአንጓች ነው እንጂ የኔ አይደለም፤ እኔ እሺ ብዬ ሰማሁ። ያኔ ማንንም አልሰማሁም። አንተንም አልሰማሁም። ይቅር በለኝ አልልህም» አለ።

«እና ባርዳትስ?»

«ንጹሕ ናት። አልጠጣህም፤ ልጇ አይደለህም። ሕጉ ካንተ ጋር ነው። የሚከለክልህ ቢነሳ ፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ።»

አለና በዚያ በታመመ ጉልበቱ ከድንጋዩ ወርዶ ጎረምሳውን ያዘው። እውነቱን ነው፤ ያዘው።

ጓንጉል ወደ እንስሳዋ ሄደ። አንጓች ከሥሯ ተቀምጣለች። በቅሉ የቀሩትን የመጨረሻ ጠብታዎች በጣቷ እየነከረች ለሕፃኗ ታቀምሳለች። ጥላው ሲያርፍባት ቀና አላለችም።

«ጓንጉል ወንድሜ፣ አንዴ ቆየኝ። ይህቺን ትዋጥ» አለች።

ቆመ። ሕፃኗ ዋጠች።

«አንድ ደግሞ።»

ቆመ። ቢላው እጁ ላይ ነው። ሕፃኗ ዋጠች። ሌላ ጠብታ ፈለገች፤ ጣቱ ዘገየባት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ደካማ ነው፣ እንደ ጫጩት ነው፣ ግን ልቅሶ ነው። ከስንት ቀን በኋላ ለማልቀስ የሚበቃ ጉልበት አገኘች።

ጓንጉል ድምፁን ሰማው። ልጁን የሰማው መሰለው ይሆን? አላውቅም። ተረቱ አይናገርም። ሲንበረከክ ብቻ ሰው አየ። ቢላውን መሬት አስቀመጠ። አውራ ጣቱን በእንስሳዋ ጡት ጫፍ አሳረፈ። አንዲት ጠብታ ወጣች። ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተና እንደ ሕፃን ጠባው።



ተረት ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ረሃቡ በዚያ ቀን አላለቀም። የአንዲት እንስሳ ወተት ስድሳ ቤት አያጠግብም። ሕፃናቱ ጠጡ፤ ትልልቁ ሥር ቆፈረ። ያች ሕፃን ዳነች። አሥራ አንድ ሰው ተቀበረ። ካሥራ አንዱ አንዱ ቢሰውር ነው። ወተት ሲያቀርቡለት፦ «ለልጆቹ» ይል ነበር። አንድ ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ በተቀመጠበት አገኙት። ጉድጓዱን የቆፈረለት ጓንጉል ነው። የት ቆፈረለት? ከልጁ አጠገብ።

ከዚያም ዝናብ መጣ። ቤቱ ሁሉ ክዳን የለው፤ የሚጠለልበት የለ። ሰው በየቤቱ መሐል ቆሞ ረጠበ። እማ ሙጪት፦ «ግቢ አትሉኝም? ቤቴ ገብቻለሁ እኮ!» ብላ ስትጮህ መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሣር በቀለ። እንስሳዋ አሥራ አምስት ቀን ጋጠችና አንድ ማለዳ ወደ ሜዳው ወረደች። ገመድ ያነሣ ሰው አልነበረም። ዞራም አላየች።

የሚበላውን የሚለይ ሰው ጓንጉል ሆነ። ሰው ራሱ ነው የመረጠው። «በሕጉ የከፈለ ሕጉን ያውቃል» አሉ።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን መንገደኛ አዳኝ መጣ። ከሩቅ አገር ነው፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። አህያው ላይ ያረዳትን አንዲት እንስሳ ጭኗል። አንገቷ ረጅም ነው። ጠጉሯ አመድማ፣ ጎኗ ላይ ነጭ ሰንበር። እሷ ትሁን፣ ወገኗ ትሁን፣ ማን ያውቃል?

«የሚበላውን የሚለይ ሰው እዚህ አለ ብለውኝ ነው። አራት ቀን አልበላሁም። ይህን እንስሳ አላውቀውም። ልብላው?» አለ።

ሰዎች በትር አነሡ። ጓንጉል በእጁ ከለከላቸው። ተንበረከከና ሰኮናዋን አነሳ። ብዙ ጊዜ በእጁ ይዞት ቆየ።

«ስንጥቅ ነው» አለ። «ታመሰኳለች። ንጹሕ ናት። ብላ።»

እንግዳውም፦ «አብረን እንብላ እንጂ!» አለ።

«እኛ አንበላም።»

«ንጹሕ ናት አላልክም?»

«ንጹሕ ናት» አለ ጓንጉል።

እንጨት ሰጠው። እሳት ሰጠው። ቤቱ ገብቶ ጨው አመጣለት። ከዚያም ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቆ ደጅ ወጣና መሬት ላይ ተቀመጠ። አንጓች መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። የአንጓች ልጅ መጣች፤ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። አንድ በአንድ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀመጠ።

እንግዳው ጠግቦ ቀና ሲል ለቅሶ አየ። ግራ ገባው።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለ።

«እናታችን» አሉት።

«የሁላችሁም?»

«የሁላችንም።»

እንግዳው ደነገጠ። እጁን ታጠበ፤ አፉን ጠረገ፤ መጣ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለና ከጓንጉል አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እስከ ማታ አብሯቸው አለቀሰ። እናታቸው ማን እንደ ነበረች ማንም አልነገረውም።

ተረቴን በጆሯችሁ ቋጥሩ፣ ለአፌም ከቆሏችሁ ቆንጥሩ።